ነጠላ የለበሰ ሆድ

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራም። ጅማ ናት። እዚህ ክረምት ሳይገባም ይዘንባል፣ ከወጣም በኋላ ይዘንባል። የእርግዝናዬን ስምንተኛ ወር ከጀመርኩ ጥቂት ቀን ሆኖኛል። ኪቶ ፉርዲሳ መንገድ ዳር ቆሜ ታክሲ እጠብቃለሁ። የለበስኩት የባለቤቴን የዝናብ ካፖርት ነው፤ የራሴ ከስድስተኛው ወር ወዲህ አልቆለፍ ብሎኛል። ከሩቅ ለሚያየኝ ሴትም አልመስል፣ ነፍሰ ጡርም አልመስል። ድንኳን ነው የምመስለው።

ሚኒባሱ መጣ። ገና ሳይቆም በሩን የያዘ ያዘ። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ጎመን የተሸከመችው ሴት፣ ሁሉም ባንዴ። እኔ አንድ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እየተንገዳገድኩ ከኋላ ደረስኩ። ረዳቱ ቁልቁል አየኝና፣

«እናት፣ ፈጠን በያ! እግርሽን አንሺ እንጂ!» አለኝ።

እግሬን! እግሬን በዓይኔ ካየሁት እኮ ሁለት ሳምንት አልፎኛል።

የቀረው ቦታ የመጨረሻው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ መጠጋት ብቻ ነበር። ገባሁ። ጎማው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እኔ ወደ ላይ፣ ልጁ ወደ ታች። ቢሮ ደርሼ ቀኑን ሙሉ ያንን ረዳት ስረግም ዋልኩ። ባልደረቦቼም አገዙኝ፤ እርግማን ላይ ሰው አይጠፋም። ማታ ቤት ገብቼ ካፖርቱን ላወልቅ መስታወት ፊት ስቆም ግን ሳቄ መጣ። ረዳቱ ምን አይቶ ነው የሚያዝንልኝ?

ይሄ ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ያኔም ጥፋተኛው ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሳለን ነው። ቀላል ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ዓመት ቢሞላው ነበር። ባቡሩን ላልተሳፈረ ልንገር፦ ሁለት መስመር ነው፣ አንዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ሌላው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፤ በጠቅላላው 39 ጣቢያ አለው። ሲጀመር ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከታክሲ ጋር ሲወዳደር ነፃ ማለት ይቻል ነበር። ስለዚህ ይሞላል። መሙላት ስል ደግሞ፣ ቆመሽ ብትተኚ እንኳ የማትወድቂበትን ዓይነት መሙላት ነው።

ከሲኤምሲ ተሳፍሬ ሜክሲኮ እወርዳለሁ። እስከ መገናኛ እንደምንም ነው። ስታዲየም ላይ ግን ሁለቱ መስመሮች ይገናኛሉ፤ ከዚያ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። መስመር የሚቀይረው ብዙ ሰው እዚያ ነው የሚወርደውና የሚሳፈረው። እኔ ብረቱን ጨብጬ፣ በሌላ እጄ ሆዴን ከሰው ክርን እየጠበቅሁ እቆማለሁ። ባቡሩ ሲነሳ ወደ ኋላ፣ ሲቆም ወደ ፊት።

ብዙ ጊዜ ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ አንድ ወጣት ነበር። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ተኝቶ ይሁን አስመስሎ አላውቅም። በልቤ ያላልኩት ነገር የለም። «እናት የለውም?» አልኩ። «የዘመኑ ልጅ!» አልኩ፤ እኔ ራሴ ያኔ 26 ዓመቴ ነው። ከንፈሬ ግን አልተንቀሳቀሰም። በየቀኑ ብረቱን ጨብጬ፣ በዝምታ እየረገምኩት፣ ሜክሲኮ ደረስኩ።

አንድ ቀን ባቡሩ ድንገት ሲቆም በሁለት እጄ ብረቱን ያዝኩ። ነጠላዬ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ወደቀ። ልጁ ዓይኑን ገለጠ። ሆዴ ፊቱ ላይ ነበር፣ ቃል በቃል። ተስፈንጥሮ ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል። ነጠላዬን አንስቶ እያቀበለኝ፣

«እህቴ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

መልስ አልነበረኝም። ተቀመጥኩ፤ እሱ እስከ ሜክሲኮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ።

ነጠላው ለምን እዚያ እንደነበረ አሁን ላስረዳ። እናቴ ናት። ማርገዜን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ ስልክ በደወለች ቁጥር የመጨረሻ ቃሏ አንድ ነው፦ «ሸፈን አድርጊው፣ የሰው ዓይን መጥፎ ነው።» እሷ ከእናቷ የሰማችው ነው። አምንበታለሁ? አላምንም። እተወዋለሁ? እሱንም አልተውም። ሰፊ ነጠላ በሁለት እጥፍ ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ ለቅቄ ነበር የምወጣው። ስድስት ወር ሙሉ ሰው ሆዴን እንዳያይ ስጠነቀቅ ቆይቼ፣ ባቡር ላይ ስወጣ ደግሞ ሰው ለምን አያየኝም ብዬ እናደዳለሁ። እንዲህ ያለ ሒሳብ የትም አይወራረድም።

በዚያ ላይ አፍም የለንም። «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ እባክህ አስቀምጠኝ» ማለት አምስት ቃል ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ብረት ላይ አንድ ዓመት ተንጠልጥዬ መሄድ ይቀለኝ ነበር። ስለ ራስ ሆድ በሰው ፊት ማውራት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ደጃዝማችነቱ ይቅርና የጥቂት ብር ወንበር ቀረብኝ።

ደግሞ ሌላ ነገር። ከሁሉም የከፋው ጊዜ ሆዴ የገፋበት አልነበረም። ሦስተኛው ወር ነው። ማቅለሽለሹ፣ ላቡ፣ የሰው ሽቶና የሰው ቁርስ ሽታ። ያኔ ነጠላውን ብጥለውም የሚታይ ነገር የለም። አንዲት ቀጭን ልጅ ለአንዲት ባልቴት አልነሳ ብላ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያጉረመርምባት ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው። ልጅቷ አፏን በሶፍት ይዛ ነበር። እኔ ገብቶኛል። ሌላ ማንም አልገባውም። እኔም ለማንም አልተናገርኩላትም።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። የባለቤቴ ሥራ ወደ ጅማ ተዛወረ፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ዕቃ ጭነን መጣን። እኔም እዚሁ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ከዚያ ሁለተኛው ልጅ።

«ለምን ፈቃድ አትወጪም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የመጀመሪያዬን ስወልድ ይሠራበት የነበረው አዋጅ 377/96 ነው፤ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጅ ይልቅ ሁለተኛውን አንድ ወር የበለጠ ቤት ሆኜ አጥብቻለሁ። የቅድመ ወሊዱ 30 ቀን ግን ያው 30 ቀን ነው። ስምንተኛው ወር እስኪያልቅ ታክሲ ላይ ነሽ ማለት ነው። በዓመት ፈቃድ ካላሟላሽ በቀር፣ እሱን ደግሞ ለትልቁ ልጅ ሳል ጨርሼዋለሁ።

ጅማ ባቡር የለም። ሚኒባስና ባጃጅ ነው። መጀመሪያ ነገሩ የሚቀል መስሎኝ ነበር፤ እዚህ ቆሞ የሚሄድ የለማ። ትርፍ ካልጫነ በስተቀር የገባ ሁሉ ይቀመጣል። ቆይቶ ነው የገባኝ። ባቡር ላይ ሰው ከወንበሩ ይነሳልሻል። ሚኒባስ ውስጥ ማንም አይነሳልሽም፤ ቢነሳስ የት ይሄዳል? ጣሪያው አንገት ያስደፋል። እዚህ ሰው የሚሰጥሽ ወንበር ሳይሆን ተራ ነው፤ በሩ ላይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት። እሱ ደግሞ ከወንበር ይከብዳል። ወንበር የሚለቅ ሰው ቢያንስ እየሄደ ነው። ተራውን የሚለቅ ሰው ዝናብ ላይ ቀርቶ ሥራ ይረፍድበታል።

ከገባሽ በኋላ ደግሞ የቱ ጋ መቀመጥ እንዳለብሽ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሰው ክብር ሊሰጥሽ ሲፈልግ ጋቢና ይልሻል። ጋቢና ለሙሽራና ለሽማግሌ ጥሩ ነው። ለድርስ እርጉዝ ግን መውጣቱ ራሱ ዳገት ነው። መሀል ከተቀመጥሽ ማርሹ ጉልበትሽን ይመታሻል፤ ሾፌሩ በቀየረ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቅሻል፣ ይቀይራል፣ ይጠይቅሻል። ከሾፌሩ ጀርባ ሞተሩ አጠገብ ያለው ይሞቃል፤ ያበጠ እግር ይዘሽ እዚያ ከተቀመጥሽ ስትወርጂ ጫማሽ አይገባም። የመጨረሻው ወንበር ከላይ እንዳልኩት ነው። በሩ ጋ ያለችው ታጣፊ ወንበር ለመግባት ትመቻለች፤ ግን «ወራጅ አለ» በተባለ ቁጥር ተነስተሽ መውረድ ነው። ስወጣና ስወርድ የተሳፈርኩት ታክሲ ይሁን ደረጃ አላውቅም ነበር። የሚሻለው ከታጣፊዋ ቀጥሎ ያለው የማይታጠፈው ነው። ሰው አይረግጥሽም፣ በሩ ቅርብ ነው፣ ፊት ለፊትሽ የምትይዢው ብረት አለ። ይህቺን ወንበር በሁለት ወር ጥናት ነው ያገኘኋት።

ባጃጅስ? ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመግባት ደስ ይላል። ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ግን ጥርስሽን ነክሰሽ ነው። ኮንትራት ይዤ ብቻዬን ስሄድ ሾፌሩ ቀስ ይልልኛል፤ በየቀኑ ኮንትራት ለመያዝ ግን ደመወዜን ለባጃጁ አስረክቤ እኔ ቤት መቀመጥ ይሻለኛል። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ለክትትል ሄጄ አዋላጅ ነርሷን ኮብልስቶን ምጥ ያመጣ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳቀች። «ኮብልስቶን የሚያዋልድ ቢሆን እዚህ ከተማ ዘጠነኛ ወር የሚገባ አይኖርም ነበር» አለችኝ። ይልቅ የመቆሙን ነገር አጥብቃ ነገረችኝ። በእርግዝና መጨረሻ የሰውነት የደም መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል አለች። ብዙ ስትቆሚ ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፤ ዓይን ጭልም የሚለው፣ ላብ ላብ የሚለው ለዚያ ነው። እግር ማታ ማታ ቢያብጥ የተለመደ ነው፣ ፊትና እጅ ካበጠ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት ካለ ግን ነገ ሳትይ ነይ አለች። ጋቢና ከተቀመጥሽም የቀበቶው የታችኛው ክፍል ከሆድሽ ሥር ይለፍ፣ ሆድሽ ላይ አይደለም። ባቡር ላይ በ2009 ዓይኔ ጭልም ሲልብኝ ቁርስ ስላልበላሁ ይመስለኝ ነበር።

ታክሲ መጠበቂያው አጠገብ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ላስቲክ ወጥራ፣ ከሰሏን አቀጣጥላ፣ አራት አምስት በርጩማ ደርድራ። ከነዚያ አንዱ የጅማ በርጩማ ነው። ታውቁት ይሆናል፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ። ሌሎቹ የፕላስቲክ ናቸው። እሱን ለማንም አትሰጥም፤ ራሷ ነበረች የምትቀመጥበት። ከካፖርቱ ጠዋት በኋላ ባለው ቀን ገና ስታየኝ ተነሳችና ወደኔ ገፋችው።

«ኮቱ፣ ታኢ» አለችኝ። ነይ፣ ተቀመጪ።

አወቀችብኝ ማለት ነው። እንዴት? እሷ ዝቅ ብላ ስለምትቀመጥ ከካፖርቱ ሥር ታያለች።

ተቀመጥኩ። እንደዚያ የተመቸኝ ወንበር የለም። ችግሩ መነሳቱ ነው። የጅማ በርጩማ ከመሬት ብዙም አይርቅም፤ ታክሲው ሲመጣ እሷ በአንድ እጅ፣ አንድ ተማሪ በሌላ እጅ ጎትተው ነው ያቆሙኝ። በየጠዋቱ እንደዚያ ሆነ። ቡናም እጠጣ ነበር፣ ነርሷ ብዙ አታብዢ ስላለችኝ ከአቦል አላልፍም። ጅማ ላይ በአቦል መነሳት ምን ያህል ነውር እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሷ ግን ሳልነግራት ሁለተኛውን መቅዳት ተወች።

አንድ ጠዋት ረዳቶቹን ሳማላት ሰምታኝ ሰምታኝ፣ «እነሱ እኮ ካፖርቱን ነው የሚያዩት» አለች። «ክፈቺዋ!»

ሐሙስ ነበር፤ ገበያ ነው። በአባ ጅፋር ዘመን የጅማው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በመላው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስመ ጥር ነበር ይባላል፤ ዛሬም ሐሙስ ጠዋት ታክሲ ለመያዝ የሚጋፋውን ሰው ያየ አይጠራጠርም። ዶሮ አለ፣ ጆንያ አለ፣ ቅቤ በቅል አለ። ያ የድሮው ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ መጣ። ካፖርቱን ፈታሁት። ልቤ ይመታል፤ ልክ ልሰርቅ የተዘጋጀሁ ያህል። ከዚያ ድምፄ ወጣ፣ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብሎ፦

«ነፍሰ ጡር ነኝ! ላስቀድም!»

የተጠበቀው ዝምታ አልመጣም። ጫጫታው ባሰበት። «አሳልፏት! አሳልፏት!» አንዱ ዶሮውን ከፊቴ አነሳ። አንድ ሽማግሌ፣ «ባሏ የት ሄዶ ነው በዚህ ወሯ የምትጋፋው?» ብለው ሕዝቡን ጠየቁ፤ የማያውቁትን ባለቤቴን እዚያው ፈርደውበት ጨረሱ። ማታ ስነግረው ስሙ እንዳልተጠቀሰ አረጋገጠ። ረዳቱ ከበሩ ወርዶ ክንዴን ያዘኝ። «እናት፣ ቀስ። ቀስ። እኔ ምን ላውቅ!» አለ። ተቆጥቶ ነው የሚመስለው፤ ያፈረ ሰው ድምፁ እንደዚያ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት እናት ነበሩ፤ ቅሉን ታቅፈዋል። ሆዴን ትኩር ብለው አዩት። የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ እጄ ሳላዝዘው ካፖርቱን ሊመልስ ሄደ። እሳቸው ግን ቀደሙኝ። እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ። «አላህ በሰላም ያገላግልሽ፣ ልጄ። ከዓይን ያውጣሽ።» ኋላ ያለችው ሴትዮ ደግሞ «አሜን፣ ማርያም በሽልም ታውጣት» አለች። እስከ ጅማ መርካቶ ድረስ መኪናው ሙሉ ስለ ኔ ወሊድ ተወያየ። ወንድ ነው ያሉ አሉ፣ ከሆዱ ቅርጽ። ገንፎ ላይ ቅቤ እንዳልሰስት ምክር ተሰጠኝ።

ለእናቴ ይህንን አልነገርኳትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ረዳቱ ከሩቅ ሲያየኝ በሩ ላይ ክንዱን ይዘረጋል። «ለነፍሰ ጡሯ!» ይላል። ያቺ ከታጣፊዋ ቀጥላ ያለችው ወንበር የኔ ሆነች። ሌላ ረዳት የመጣ ቀን ግን ያው ከዜሮ ነው፤ እንደገና አፍ መክፈት። ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ብዙም አልቀለለኝም። ሦስተኛው ትንሽ። የሰው ፊት ግን ሁሌም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዷ ዞር ብላ «እኛም ወልደናል» ያለችኝ ቀን ነበር። ልክ ናት፣ ወልዳለች። ቀጣዩን ታክሲ ጠበቅሁ፣ በርጩማው ላይ።

ልጁ በሰላም ተወለደ። ወንድ አይደለም፣ ሴት ናት፤ መኪናው ሙሉ ሰው ተሳስቷል። ፈቃዴ አልቆ ሥራ የተመለስኩ ቀን ጡቴ ሞልቶ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ የወሊዱ ጊዜ ቦርጭ ገና አልጎደለም፤ ከላዩ ያንኑ ነጠላ ጣል አድርጌያለሁ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ከሩቅ እልል አለች። ለእንኳን ማርያም ማረችሽ አቦልም ቶናም ጠጣሁ።

ሚኒባሱ መጣ። ያው ረዳት ነው። አየኝ። አራት ወር እንዳላየኝ አላስታወሰም መሰለኝ። ቁልቁል ሆዴን አየ፣ ክንዱን በሩ ላይ ዘረጋ።

«ወደ ኋላ በሉ! ለነፍሰ ጡሯ!»

ሰው መንገድ ለቀቀ። አንድ ተማሪ እጄን ይዞ ደገፈኝ። አፌን ልከፍት ነበር፣ እውነቴን ነው።

ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ገብቼ ተቀመጥኩ።